ንጋት ላይ የሚያብጥ ጭስ፦ ከቱሉ ዲምቱ አንድ ጉዳይ

ጉዳዩ የጀመረው በክስ ነው። የምንኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ነው። ከግቢያችን ትንሽ ወረድ ብሎ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያመነጭ ቦይለር ያለው ፋብሪካ አለ። የሳይቱ ኮሚቴ "ፋብሪካው ሰው እስኪተኛ ጠብቆ ሌሊት ሌሊት ጭሱን ይለቅብናል" የሚል አቤቱታ አዘጋጀ። ከአቤቱታው ጋር የሚያያዝ ማስረጃም ነበረው። አንድ ብሎክ በረንዳ ላይ ከተሰቀለች ትንሽ የአየር ጥራት ሴንሰር የወጣ ግራፍ ነው።

ግራፉን ለማንበብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ቁጥሩ ቀን ላይ ዝቅ ይላል። ማታ እራት ሲበስል ከፍ ይላል። ሌሊቱን ቀስ እያለ ይወጣና ከ11 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል። ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይ ጠንከር ስትል፣ ቁልቁል ይወርዳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም አብዛኛው ቀን እንዲሁ ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ኬሚስትሪ እንደማስተምር ያውቃሉ። ፊርማ ሊያሰባስቡ ሲመጡ ግራፉን ዘረጉልኝ።

"ስማ የኔ ልጅ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ማን ያበስላል? ማን መኪና ያስነሳል? የቀረው እሱ ብቻ ነው።"

"ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር ውስጥ ውሃም አለ" አልኳቸው።

"የምን ውሃ? እኛ ስለ ጭስ ነው የምናወራው።"

ነገሩን ለማጣራት ወራት ፈጀብን። እዚህ የምጽፈው ምን እንዳደረግን፣ ምን እንዳገኘንና አቤቱታው በመጨረሻ ምን መልክ እንደያዘ ነው።

ሴንሰሯ የምታየው

እነዚህ ርካሽ ሴንሰሮች ብናኝ አይመዝኑም። ትንሽ ፋን አየር ይስባል። አየሩ በሌዘር ጨረር ፊት ያልፋል። ብናኙ የሚበትነው ብርሃን ይለካል። ከዚያ መሣሪያው ውስጥ የተጫነ ስሌት፣ ይህን ያህል ብርሃን ከተበተነ ይህን ያህል ማይክሮግራም ብናኝ አለ ብሎ ይገምታል። ስልካችን ላይ የምናየው ፒኤም 2.5 ይሄ ግምት ነው። ፒኤም 2.5 የሚባለው ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኝ ነው። ሳንባ ጥግ ድረስ የሚዘልቀው እሱ ስለሆነ ነው ብዙ የሚወራለት።

ሌዘሩ ብርሃኑን የበተነው ጥላሸት ይሁን ውሃ አይለይም። አንድ የጭስ ቅንጣት ውሃ ጠጥታ ካበጠች ብዙ ብርሃን ትበትናለች። ሴንሰሯም ጭስ ጨመረ ትላለች።

መንግሥታት ሕግ የሚያወጡበት ፒኤም 2.5 ግን የደረቅ ክብደት ነው። አየር በፊልተር ይሳባል። ፊልተሩ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት እርጥበቱ በተወሰነ ክፍል ውስጥ እንዲቆይ ይደረጋል። በአሜሪካ አሠራር የክፍሉ አንጻራዊ እርጥበት ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው። በአውሮፓ ከ45 እስከ 50 በመቶ ነው። በየሰዓቱ ውጤት የሚሰጡት ውድ ማሽኖችም የሚስቡትን አየር አስቀድመው ያሞቁታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ በዓመት አማካይ 5፣ በ24 ሰዓት አማካይ 15 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ ይላል። እነዚህ ቁጥሮች የሚነጻጸሩት ከደረቁ ክብደት ጋር ነው። የኛ በረንዳ ሴንሰር የምታነበው ግን እንደወረደ፣ ከነውሃው ነው።

ቀደም ሲል ቢሆን ማነጻጸሪያ ነበረን። የአሜሪካ ኤምባሲ አዲስ አበባ ውስጥ ያስቀመጣቸው መለኪያዎች ውጤት ኢንተርኔት ላይ ይወጣ ነበር። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በየአገሩ ካሉ ኤምባሲዎቹ የሚወጣውን የአየር መረጃ ማሰራጨት አቆመ። ስለዚህ ያለን የራሳችን በረንዳ ብቻ ሆነ።

ጨው በክረምት

ክረምት ላይ ጨው ምን እንደሚሆን የማያውቅ ቤት የለም። ዕቃው ሳይከደን ካደረ ጨው ይረጥባል፣ ይያያዛል፣ ሲብስም ውሃ ያወጣል። ውሃ የጨመረበት ሰው የለም። ከአየሩ የውሃ ተን ስቦ ነው። የገበታ ጨው ለዚህ ወሰን አለው። አንጻራዊ እርጥበቱ 75 በመቶ እስኪደርስ ደረቅ ነው። ያንን ሲያልፍ ይሟሟል።

አንጻራዊ እርጥበት ማለት አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው የውሃ ተን ምን ያህሉን ይዟል ማለት ነው። መቶ በመቶ ሲደርስ ጤዛና ጉም ይመጣል።

በከተማ አየር ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝም ውስጡ ጨው አለ። የገበታው አይደለም እንጂ ጨው ነው። ሰልፈር ያለበት ነዳጅ ሲቃጠል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣል። እሱ አየር ላይ ወደ ሰልፌት ይቀየራል። ከከብት ፍግና ከፍሳሽ የሚነሳ አሞኒያ ሲያገኝ አሞኒየም ሰልፌት ይሆናል። ከመኪና ጭስ የሚነሳው ናይትሮጂን ኦክሳይድም በተመሳሳይ መንገድ ወደ አሞኒየም ናይትሬት ያመራል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሰልፌቱ ወሰን 80 በመቶ፣ የናይትሬቱ 62 በመቶ ገደማ ነው። ሳርና ቅጠል ሲቃጠል ደግሞ ጭሱ ውስጥ ፖታሲየም ክሎራይድ ይገኛል። እሱም ጨው ነው።

መድረቁ ላይ አንድ ተንኮል አለ። አሞኒየም ሰልፌት በ80 በመቶ ከረጠበ በኋላ እርጥበቱ ወደ 79 ስለወረደ ብቻ አይደርቅም። ንጹሕ ከሆነ እርጥበቱ ወደ 35 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ጠብታ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በ60 በመቶ እርጥበት ሁለት ዓይነት ብናኝ ልታገኝ ትችላለህ። አንዱ ሌሊት ሳይረጥብ ያደረ ደረቅ ነው። ሌላው ሌሊት ረጥቦ ገና ያልደረቀ ነው። እርጥበቱን ብቻ አይተህ የትኛው እንደሆነ መናገር አትችልም። ብናኙ ሌሊቱን የት እንዳሳለፈ ማወቅ አለብህ። እውነተኛ የሰፈር ጭስ የብዙ ነገር ድብልቅ ስለሆነ ወሰኖቹ እንዲህ ጥርት ብለው አይታዩም። የጭሱ ዘይታማና ስኳር መሰል ክፍሎች ነገሩን ያለሰልሱታል። እርጥበቱ በጨመረ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይጠጣሉ።

ማን ምን ያህል ይጠጣል የሚለውን ለማወቅ ጥሩ መንገድ አለ። ስዊድናዊው ሂልዲንግ ኮህለር በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ መሠረቱን ጣለ። ሐሳቡ የሁለት ነገሮች ትግል ነው። ውስጡ የሟሟው ነገር ውሃ ይስባል። የጠብታው ገጽ መጠምዘዝ ደግሞ ውሃው እንዲተን ይገፋል። ሁለተኛው የሚጎላው እጅግ ጥቃቅን በሆኑት ላይ ስለሆነ እዚህ እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፔተርስና ክራይደንዋይስ የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን በአንድ ቁጥር አጠቃለሉት። ቁጥሩን ካፓ አሉት። የገበታ ጨው ካፓ 1.3 አካባቢ ነው። የአሞኒየም ሰልፌት 0.6 አካባቢ ነው። አየር ላይ የቆየ የኦርጋኒክ ጭስ፣ ያ ዘይታማና ስኳር መሰሉ ክፍል፣ ወደ 0.1 ይጠጋል። ገና የወጣ ጥላሸት ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ውሃ አይወድም። የመንገድ አቧራም ከዜሮ ብዙ አይርቅም።

ስሌቱ ቀላል ነው። እርጥበቱን ለመቶ እስኪሞላ ለሚቀረው አካፍል። ውጤቱን በካፓ አባዛ። ብናኙ በደረቁ መጠን ልክ ስንት እጥፍ ውሃ እንደጠጣ ይነግርሃል። እርጥበቱ 50 ከሆነ 50 ለ50፣ መልሱ 1 ነው። 90 ከሆነ 90 ለ10፣ መልሱ 9 ነው። 95 ከሆነ 95 ለ5፣ መልሱ 19 ነው። ካፓው 0.3 የሆነ ድብልቅ ብንወስድ፣ በ50 በመቶ ከራሱ መጠን 0.3 ያህል ውሃ ይይዛል። በ90 በመቶ 2.7 እጥፍ ይይዛል። በ95 በመቶ 5.7 እጥፍ።

ይህን ለኮሚቴው በወረቀት ስሠራ ሰብሳቢው አንድ ነገር ቶሎ ገባቸው። ከ50 ወደ 90 ያለው 40 ነጥብ ያመጣው ለውጥ፣ ከ90 ወደ 95 ያለው 5 ነጥብ ካመጣው ያነሰ ነው። የግራፉ ጫፍ ንጋት ላይ እንዲያ ተመንድጎ የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ነጥቦች ናቸው ብናኙን የሚያሳብጡት።

ለምን እዚህ፣ ለምን ንጋት ላይ

አዲስ አበባ ተዳፋት ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አቃቂ አካባቢ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከላዩ ያለው አየርም ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ይወርዳል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርዱበትን አቅጣጫ ይከተላል። እኛ ያለነው ታች ነው። የሌሊቱ ቀዝቃዛ አየር እኛ ዘንድ ይሰበሰባል። ከላይ ሞቅ ያለ አየር ስለሚኖር ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል። የማታው ጭስም አብሮ ይታሰራል።

ሰብሳቢው ማን ያበስላል ብለው ነበር። በንጋት የሚታየው ጭስ በንጋት መውጣት የለበትም። የማታ ከሰል፣ የቡና ጀበና፣ የጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ግቢ ጥግ ላይ የተለኮሰ ቆሻሻ፣ ፈጣን መንገዱ መግቢያ ላይ ያለፈው ከባድ መኪና ሁሉ ሌሊቱን እዚያው ያድራሉ። ደግሞስ ማን ያበስላል? እንጀራ ለሱቅ የሚያቀርቡ ሴቶች ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተው ምጣድ ያሰማሉ። መብራት ከጠፋ በእንጨት ነው። ከኮሚቴው ይህን ያስታወሰችው የምሥር ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ብቻ ናት።

እርጥበቱ ራሱ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ አይፈልግም። ከሰዓት በኋላ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 50 በመቶ የሆነ አየር እንበል። ምንም ተን ሳይጨመርበት ወደ 10 ዲግሪ ብታቀዘቅዘው እርጥበቱ 95 በመቶ ገደማ ይደርሳል። መስከረም ላይ፣ መሬቱ በዝናብ ጠግቦ እያለ፣ ጠዋት ላይ ጉም የሚመጣው በምክንያት ነው።

ሁለት ተጠርጣሪ አለን ማለት ነው። አንዱ የታሰረው እውነተኛ ጭስ ነው። ሌላው ጭሱ የጠጣው ውሃ ነው። ሁለቱም በአንድ ሰዓት ይመጣሉ፣ በአንድ ሰዓት ይሄዳሉ። ግራፍ ብቻ በማየት መለየት አይቻልም።

የመስቀል ሰሞን

አጋጣሚ ረዳን። ፋብሪካው ለመስቀል ተዘጋ። ጥበቃዎቹ ብቻ ቀሩ። ቦይለሩ እንዳልተቀሰቀሰ ኮሚቴው ራሱ አጣራ።

መስከረም 16 ማታ ደመራ ተለኮሰ። እንደሚጠበቀው ቁጥሩ ወዲያው ተተኮሰ። በየብሎኩ በር ችቦ፣ በየሜዳው ደመራ፣ ካፊያ ያረጠበው እንጨት ጭሱ ብዙ ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት አካባቢ ቁጥሩ ወረደ። ከዚያ ግን እንደገና መውጣት ጀመረ። ንጋት ላይ እሳቱ በነደደበት ሰዓት ከታየው በላይ ሆነ። ደመራው ዐመድ ሆኗል። ፋብሪካው ዝግ ነው። መንገዱ ጭር ብሏል። ጉሙ ግን ከፊት ያለውን ብሎክ ከልሎታል።

ሰብሳቢው "ያው የደመራው ጭስ ነው" አሉ። ልክ ናቸው፣ በከፊል። ያ ሁሉ ጭስ ታች ሰፍሮ ነበር። በዚህ ምክንያት መስቀል ፋብሪካውን ነጻ አያወጣም፣ አይወነጅልምም። አንድ ነገር ግን አሳየ። የንጋቱ ጫፍ ያለ ፋብሪካው ሊመጣ ይችላል።

የሞቀው ቱቦ

ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ተመሳሳይ ሴንሰር ተገዛ። በመጀመሪያ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅለን እንዲሁ ተውናቸው። ይሄ አሰልቺው ሥራ ነው፣ ግን ካልተሠራ ቀሪው ሁሉ ዋጋ የለውም። ሁለቱ ሴንሰሮች በአንድ አየር ውስጥ አንድ ቁጥር እንደሚሰጡ ሳናረጋግጥ ልዩነታቸውን ማንበብ አንችልም።

ቀጥሎ አንዷ የምትስበው አየር በሞቀ የብረት ቱቦ እንዲያልፍ አደረግን። ቱቦውን ያዘጋጀልን የግቢው ኤሌክትሪሺያን ነው። አየሩ ከውጪው በ10 ዲግሪ ገደማ እንዲሞቅ ነው የፈለግነው፣ ከዚያ በላይ አይደለም። አየር ከ10 ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። 95 የነበረው 50 ይሆናል። ብናኙ የያዘውን አብዛኛውን ውሃ ለማጣት ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ብዙ ማሞቅ ግን ሌላ ጣጣ አለው። አሞኒየም ናይትሬትና ተናኝ የሆነው የጭሱ ክፍል ከውሃው ጋር አብሮ ይበናል። ያኔ ሴንሰሯ ከእውነቱ በታች ታነባለች። የኛም ቱቦ ትንሽ ወደዚያ እንደሚያደላ አውቀን ነው የተጠቀምንበት።

ቀን ላይ ሁለቱ ሴንሰሮች ተመሳሳይ አነበቡ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ተለያዩ። ጉም በነበረበት ጠዋት የሞቀችው ያነበበችው ካልሞቀችው ከግማሽ በታች ነበር። ደመና በሌለበት ደረቅ ጠዋት ልዩነቱ ጠበበ። የሞቀችውም ግን ንጋት ላይ ትነሳለች። ቁመቱ አነሰ እንጂ ጉብታው አልጠፋም።

ኅዳር ገብቶ አየሩ ሲደርቅ ይህ በደንብ ጎላ። የበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ይላል። ብርዱ ይበረታል። ቀዝቃዛው አየር ታች ይበልጥ ይታሰራል። እርጥበቱ ግን እንደ መስከረም አይደለም። የሁለቱ ሴንሰሮች ልዩነት ቀነሰ፣ የንጋቱ ጉብታ ግን አለ። ይህኛው በአብዛኛው ጭስ ነው። የክረምቱ ጉብታ ደግሞ ብዙ ውሃ ያለበት ጭስ ነው። ግራፉ ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ።

ሦስት መልስ ያለው ቁጥር

ከኮሚቴው ወጣቶች አንዱ ሶፍትዌር ይሠራል። "ቱቦ ምን ያደርጋል፣ ቀመር አለ አይደል" አለ። አለ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ፐርፕልኤር ለተባሉት ርካሽ የሌዘር ሴንሰሮች የተጠቀመበት ማስተካከያ በሰፊው ይታወቃል። የሴንሰሩን ንባብ በ0.524 ታባዛለህ። እርጥበቱን በ0.0862 አባዝተህ ትቀንሳለህ። 5.75 ትጨምራለህ።

ለምሳሌ ሴንሰሯ 120 አነበበች፣ እርጥበቱም 90 በመቶ ነው እንበል። በዚህ ቀመር ውጤቱ 61 ነው።

በካፓ ብናሰላውስ? የደረቁ ብናኝ ጥግግት የውሃ 1.65 እጥፍ ነው ብለን እንነሳ። ካፓው 0.1 ከሆነ ደረቁ 78 ገደማ ይሆናል። ካፓው 0.3 ከሆነ ደግሞ 45 ገደማ። ያው አየር፣ ያው 120፣ ሦስት መልስ። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው ማታ ምን እንደነደደ ነው። ብዙ ከሰልና እንጨት ከሆነ ወደ 78 ይጠጋል። ሰልፌትና የቅጠል ጨው የበዛበት ከሆነ ወደ 45።

የአሜሪካው ቀመር መጥፎ አይደለም። የተሠራው ግን በአሜሪካ አየር ላይ ነው። ደግሞም እርጥበቱን በቀጥታ መስመር ነው የሚይዘው። እርጥበቱ ከዜሮ ተነስቶ መቶ ቢደርስ እንኳ የሚቀንሰው 8.6 ብቻ ነው። ብናኙ ደግሞ ቅድም እንዳየነው የመጨረሻዎቹ ነጥቦች ላይ ነው የሚያብጠው። ለቀን ቁጥር፣ ለ24 ሰዓት አማካይም እጠቀምበታለሁ። ለመስከረም ንጋት ግን አላምነውም።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ሴንሰሩ የሚነግርህ እርጥበት የራሱን ሆድ እርጥበት ነው። ውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ስለሚሞቅ ብዙ ጊዜ ከውጪው ያነሰ ያሳያል። ውጪ ጉም ሆኖ እሱ 75 ሊል ይችላል።

የተደበቀው ጉብታ

አሁን ወደ ፋብሪካው። ውሃው ሲቀነስ የንጋቱ ተራራ አጠረ። ያኔ ከዚህ በፊት ማንም ልብ ያላለው ነገር ታየ። በሥራ ቀናት ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 10 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ትንሽ ግን ቀጥ ያለች ጉብታ አለች። እሁድ የለችም። በበዓል የለችም። ነፋሱ ከፋብሪካው አቅጣጫ ሲነፍስ ትጎላለች። ያን ሰዓት አየሩ ደረቅ ነው። የሞቀችውም ያልሞቀችውም ሴንሰር እኩል ያነባሉ። ውሃ የለበትም። ጭስ ነው።

አቤቱታው ሌሊቱን ሲከስ ማስረጃው ከሰዓት ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ያለው የንጋት ጫፍ በጣም ስለሚረዝም ማንም አላየውም።

ኮሚቴው ውስጥ እዚህ ላይ ክርክር ተነሳ። አንዲት እናት "ግማሹ ውሃ ነው ብለን ከጻፍን ይስቁብናል፣ ፋብሪካውም ይይዘዋል" አሉ። ስጋታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። የፋብሪካው ሰው ቀድሞም "ጉም ነው እኮ የምታዩት" ይል ነበር። እኔም አሁንም የምለው፣ "ውሃ ብቻ ነው" ማለት "ጭስ ብቻ ነው" ከማለት ያልተሻለ ነው።

አንደኛ፣ ውሃው ውስጥ ኬሚስትሪ ይሠራል። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በረጠበ ብናኝና በጉም ጠብታ ውስጥ ወደ ሰልፌት ይቀየራል። ጉሙ ሲተን ሰልፌቱ ይቀራል፣ የደረቁ ክብደትም ከማታው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ለንደንን ለቀናት የሸፈነው የድንጋይ ከሰል ጭስና ጉም የዚህ ክፉ ምሳሌ ነው። በጊዜው 4,000 ያህል ሰው እንደሞተ ተገመተ። በኋላ የተሠራ ግምት ወደ 12,000 አድርሶታል። ሁለተኛ፣ ሳንባ ውስጥ ያለው አየር እርጥበቱ ከ99 በመቶ በላይ ነው። ደረቅ ብናኝ ብትስብም ውስጥ ገብቶ ያብጣል። የት እንደሚያርፍ የሚወስነውም ያበጠው መጠኑ ነው። ስለዚህ ውሃውን የምንቀንሰው ለመለካት እንጂ ጭሱን ለማስተባበል አይደለም።

ደብዳቤው እንደገና ተጻፈ። የሌሊቱ ክስ ወጣ። በምትኩ የሥራ ቀናት የከሰዓት ግራፍ፣ የእሁድ ግራፍና የሁለቱ ሴንሰሮች ንጽጽር ገባ። ሰብሳቢው "ያቺን የውሃ ነገር አንተው አስረዳቸው፣ እኔ ልፈርም" ብለው ከኋላ አንድ ገጽ ማብራሪያ አስጨመሩኝ። አቤቱታው ከቀረበለት ቢሮ የተላኩት ባለሙያዎች ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ መጡ። ቀደም ሲል በሌላ አቤቱታ የመጡት ጠዋት 3 ሰዓት ነበር። ያኔ ምንም አላዩም። በዚህኛው ቦይለሩ ሲቀሰቀስ የሚወጣውን ጥቁር ጭስ በዓይናቸው አዩ።

ፋብሪካው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። የጭስ ማውጫውን እንዲያስለካም ታዟል። ውጤቱ ገና አልመጣም። ለንጋቱ ጭስ ኮሚቴው የራሱን ደንብ አወጣ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ቅጠልና ቆሻሻ ማቃጠል ተከለከለ። ከፋብሪካው ይልቅ ብዙ ያጨቃጨቀን ይሄኛው ነው። የመጀመሪያው የተቀጣውም የሰብሳቢው የራሳቸው ዘበኛ ነው።